ሂፕኖሲስ ድግምት ነው ወይስ ሰበብ?

 

የዛሬው ርዕስ ከእናንተው የመጣ ነው። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ስልክ ይከፈታል፣ ኢርፎን ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ለስላሳ ድምፅ «ዓይንህን ጨፍን፣ ሰውነትህ እየከበደ ነው» ማለት ይጀምራል። ርዕሱ «ሂፕኖሲስ ለጭንቀት» ይላል። ጠዋት ላይ ጥያቄው ይመጣል፦ «ኡስታዝ፣ ይሄ ነገር ሲሕር ነው? ጂን ይጠራል? ወይስ እንደ ሕክምና ይቆጠራል?»

ጋሸናና አካባቢዋ ያላችሁ ለምን እንደምትጠይቁ ይገባናል። ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ከላሊበላው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። ይኸው መገናኛነቷ ከ2013 ክረምት እስከ 2014 የጦር ግንባር አደረጋት። ከዚያ ወዲህም ክልላችን ከተኩስ ድምፅ አላረፈም። ዛሬም የአይሱዙ ጎማ ሲፈነዳ ልቡ የሚዘል፣ ሌሊት ላብ አጥምቆት የሚነቃ፣ ትምህርቱ ላይ ማተኮር ያቃተው ወጣት አለ። እንዲህ ያለ ሰው እረፍት ቢፈልግ አይፈረድበትም። የኢማን ጉድለት ነው ብሎ ማሸማቀቅም ተገቢ አይደለም። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ነቢይ ሆነው በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ እንዳለቀሱ በሱረቱ ዩሱፍ ተነግሮናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፣ ከዚያ እንመዝነው።

✦ ሂፕኖሲስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ18ኛው ክፍለ ዘመን መስመር የሚባል ሐኪም በቪየና ከዚያም በፓሪስ «ከእኔ ወደ በሽተኛው የሚፈስ የማይታይ ኃይል አለ» እያለ ያክም ነበር። በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው አጣሪ ቡድን ነገሩን ፈተነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከአጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ውጤቱ አስገራሚ ሆነ፦ ኃይሉ እየተላከባቸው ነው ብለው ያመኑ ሰዎች ምንም ሳይላክባቸው ተንቀጠቀጡ። ሳያውቁ የተላከባቸው ደግሞ ምንም አልተሰማቸውም። አጣሪዎቹ የሚፈስ ኃይል የለም፣ የሚሠራው የሰውየው የራሱ ግምትና ምናብ ነው አሉ።

በ1840ዎቹ ጄምስ ብሬይድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ተመሳሳይ ነገር በመድረክ ላይ አይቶ መረመረ። እሱም ምሥጢሩ ያለው በአንድ ነገር ላይ በተሰበሰበው የሰውየው ትኩረት ውስጥ ነው ብሎ ደመደመ። «ሂፕኖቲዝም» የሚለውን ስም ያስለመደው እሱ ነው። ቃሉ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ቢሆንም ነገሩ እንቅልፍ አይደለም። ሰውየው ይሰማል፣ ያስባል፣ ካልፈለገ ተነስቶ መሄድ ይችላል። መጽሐፍ የመሰጠው ልጅ እናቱ ሦስት ጊዜ ጠርታው እንደማይሰማ አስቡት። ትኩረቱ ሲሰበሰብ ዙሪያው ይርቃል፣ ሰውነቱ ይላላል፣ የሚነገረውን ሐሳብም በቀላሉ ይቀበላል።

የእንግሊዝ የሐኪሞች ማኅበር በ1955፣ የአሜሪካው ደግሞ በ1958 በሰለጠነ ባለሙያ እጅ ለሕክምና ሊያገለግል እንደሚችል ተቀብለዋል። ሕመምን ለማስታገስ፣ የጥርስ ሕክምና ፍርሃትን ለመቀነስ፣ መድኃኒት ላልረዳው የአንጀት መታወክ ይጠቀሙበታል። ወባን፣ ቲቢን ወይም ስኳርን ግን አያድንም። በአገራችን የጤና ተቋማትም የተለመደ ሕክምና አይደለም። እናንተ ስልክ ላይ የምታገኙት አብዛኛው ነገር ባለሙያ ያዘጋጀው ይሁን አይሁን የማይታወቅ ቅጂ ነው።

✦ ዑለማኦችስ?

እዚህ ላይ ልዩነት እንዳለ መደበቅ አይገባም። የሳዑዲ ዓረቢያው ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴ ሂፕኖሲስን ጂንን ከመጠቀም ጋር አያይዞ ከልክሎታል። ሌሎች ደግሞ ከስሙ ይልቅ የሚደረገውን ነገር ያያሉ፦ ጂን የማይጠራበት፣ ባለሙያ የሚሠራው፣ ጥቅሙ የተረጋገጠ ሕክምና ከሆነ እንደማንኛውም ሰበብ ይቆጥሩታል። ልቡ የተጠራጠረ ሰው ቢተወው ምንም አይጎድልበትም፤ ከታች የምናነሳቸው መንገዶች ይበቁታል። የሚጠቀም ግን በሦስት ጥያቄዎች ይመዝን።

1. ማንን ያስጠራኛል?

ወሎ ውስጥ ዛር ማስለፍለፍ፣ ቃልቻ ቤት መሄድ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያ መንፈስ ይጠራል፣ መልኩ የተመረጠ ዶሮ ይታዘዛል፣ ለመንፈሱ ይታረዳል። ይህ በግልጽ የሺርክ በር ነው። ትንፋሽን ማዘግየትና ጡንቻን ማላላት ግን ማንንም አይጠራም። ሁለቱን አንድ ማድረግ ስህተት ነው፤ በሂፕኖሲስ ስም የተለጠፈውን የቃልቻ ሥራ አለመለየትም እንዲሁ።

2. ምን ያስብለኛል?

ብዙዎች የተጨፈነውን ዓይን ይፈራሉ። እኔ ይበልጥ የምፈራው የሚደጋገመውን ዓረፍተ ነገር ነው። «ዩኒቨርስ የምትጠይቀውን ይሰጥሃል»፣ «ዕጣህን የምትፈጥረው አንተው ነህ» የሚሉ ቅጂዎች ሞልተዋል። ሙስሊም የሚጠይቀው የዩኒቨርስን ፈጣሪ ነው። ሰውነታችን ላልቶ፣ ልባችን ተከፍቶ ባለበት ሰዓት ዐቂዳችንን የሚነካ ቃል መቶ ጊዜ ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። «አሁን ደኅና ነኝ፣ ትንፋሼ እየረጋ ነው» የሚለው ግን ምንም ነውር የለበትም። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት፣ በነቃ አእምሮ፣ ቅጂውን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ስሙት።

3. ምን ያስጥለኛል?

መድኃኒት፣ ሰላት፣ ትምህርት ወይም ገንዘብ የሚያስጥል ከሆነ ይቅርብን። የሚጥል በሽታ ያለበት ወንድማችን ፌኖባርቢታሉን አቁሞ ቅጂ ቢያዳምጥ ሌሊቱን ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ይህ ሩቅያንም ይመለከታል። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው «መድኃኒትህን ጣል» ካለ አይሰማም። ክፍያ ጠይቆ፣ እህታችንን ብቻዋን ክፍል ውስጥ አስገብቶ ዓይኗን የሚያስጨፍን «ባለሙያ» ካጋጠመም፣ ጉዳዩ ከሕክምና ወጥቷል። እህቴ፣ በሩን ከፍተሽ ውጪ።

✦ ከራሳችን ጓዳ

ራስን በሐሳብ ማከም ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላችሁ አላችሁ። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያለፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና መጽሐፍ ጽፈዋል። ፍርሃትን፣ ቁጣን፣ ሐዘንንና ወስዋስን አንድ በአንድ አንስተዋል። ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንና ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘን ሁለት እንደሆኑም ለይተዋል። ከምክራቸው አንዱ ይህ ነው፦ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋበት ጊዜ መልካም ሐሳቦችን ያዘጋጅ፤ ጭንቀት ሲመጣ ያወጣቸዋል።

በዘመናችንም ተመሳሳይ ነገር ተሞክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በድምፅ የተቀዳ ትምህርትና በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ አዘጋጅቶ፣ በሰሜን ዩጋንዳ የሚኖሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች በቡድን አምስት ጊዜ እንዲያዳምጡ አደረገ። ጥናቱ 694 ሴቶችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ከሦስት ወር በኋላ ትምህርቱን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ነበር። ጦርነት ያፈናቀላቸው ሴቶች ናቸው። ብቻቸውን በብርድ ልብስ ውስጥ ሳይሆን አብረው ተቀምጠው እንዳዳመጡም ልብ በሉ።

✦ ዛሬ ማታ ምን እናድርግ?

• ከዐስር በኋላ ጫትና ቡና ይቅር። ሁለቱም እንቅልፍ ያባርራሉ። ጫት ቅሞ ሌሊት የእንቅልፍ ሂፕኖሲስ መፈለግ በአንድ እጅ እሳት እያነደዱ በሌላው ውሃ መርጨት ነው።

• ውዱእ አድርጉ፣ በቀኝ ጎናችሁ ተኙ፣ የመኝታ ዚክራችሁን በሉ። ስልኩ ከአልጋው ይራቅ።

• በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ከዚያ የእግራችሁን ጣቶች አጥብቃችሁ ልቀቁ፤ ባት፣ ጭን፣ ሆድ፣ እጅ፣ ትከሻ፣ ፊት እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

• ዓይን ሲጨፈን የጦርነቱ ትዕይንት የሚመጣባችሁ ካላችሁ፣ አትታገሉ፣ ዓይናችሁን ግለጡ። እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፣ የምታዩትንና የምትሰሙትን በልባችሁ ቁጠሩ። «ወደ ክፉው ቀን ተመለስና አስታውስ» የሚል ቅጂ በፍጹም አትጠቀሙ። በሂፕኖሲስ የሚወጣ ትዝታ ያልሆነውን እንደሆነ ሊያስመስል እንደሚችል ሐኪሞች አስጠንቅቀዋል።

• በሰላሙ ቀን ሁለት ወይም ሦስት መልካም ሐሳብ ጽፋችሁ ያዙ። «ይህም ያልፋል፣ አላህ ያየኛል፣ ነገ እገሌን አናግረዋለሁ» ይበቃል።

✦ የሐኪም በር

እነዚህ ሁሉ ለቀላል ጭንቀት ናቸው። ሐዘኑ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ አብዛኛውን ቀን እየያዘ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ ሥራና ትምህርት ካስቆመ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ፣ ቅጂ አትፈልጉ። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ ላሊበላ ወይም ወልድያ ሆስፒታል ይልኳችኋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

«እብድ ይሉኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ቤት አስቀርቷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንታከም ወይ ተብለው ሲጠየቁ ታከሙ ብለዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። የነፍስን ሕመም ከዚህ ለይተው አላወጡም። ግመሉን ልሰር ወይስ ልመካ ላለውም ሰው መልሳቸው እሰርና ተመካ የሚል ነበር። ትንፋሹም፣ መድኃኒቱም፣ ጓደኛን ማናገሩም ገመድ ናቸው። የሚጠብቀው ግን አላህ (ሱ.ወ) ነው። ገመዱን የሚያመልክ ተሳስቷል፤ ሳያስር የተቀመጠም እንዲሁ።

ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት ስትወጡ ከሰሞኑ ዝም ያለ ጓደኛችሁን ፈልጉ። ምክር አታዝንቡበት። «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉትና አዳምጡት። አንዳንዴ ከማንኛውም ቅጂ በላይ የሚያረጋጋው የሚያውቁት ሰው ድምፅ ነው።

ያ አላህ፣ የተጨነቁትን አረጋጋ፣ የታመሙትን አሽር፣ ለአገራችን ሰላም ስጥ። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።