የልብስ ንድፍ ሥዕል ለጨርቅ ነጋዴ ያለው ጥቅም

በሮቢትም ሆነ በቆቦ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በጣቃው ላይ ነው። ይሁን እንጂ ገዢው የሚፈልገው ጣቃውን ሳይሆን ከጣቃው የሚወጣውን ልብስ ነው። ልብሱ ከመሰፋቱ በፊት የሚታየው በሥዕል ስለ ሆነ፥ ነጋዴ የልብስ ሥዕል ማንበብ ቢችል ትርፉን ይጠብቃል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ክርስቲያን ዲዮር የተባለው ፈረንሳዊ ልብስ ነዳፊ ነው። ይህ ሰው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የባርኔጣና የቀሚስ ሥዕል እየሣለ በመሸጥ ይተዳደር ነበር። በ1946 እ.ኤ.አ. በስሙ የልብስ ቤት ሲቋቋም ገንዘቡን ያወጣው ማርሴል ቡሳክ የተባለ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካዎች ባለቤት ነበረ። የካቲት 5 ቀን 1939 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1947) ዲዮር ያሳያቸው ቀሚሶች ወገባቸው ጠባብ፥ ታችኛው ክፍላቸው እጅግ ሰፊ ነበረ። አውሮፓ ጦርነቱ ካስከተለው የጨርቅ እጥረት ገና ሳትላቀቅ አንዳንዱ ቀሚስ ከ10 ሜትር የበለጠ ጨርቅ ይፈጅ ነበር። በሥዕል ላይ የሰፋች አንዲት መሥመር ለጨርቅ ፋብሪካ ምን ያህል ገበያ እንደምትከፍት ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

ዲዮር ሥዕሉን እንደ ጨረሰ ወዲያው ውድ ጨርቅ አያስቆርጥም ነበር። የስፌት ክፍል ኀላፊዎች ሥዕሉን ተቀብለው በመጀመሪያ በርካሽ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፥ ይኸውም እኛ አቡጀዲ በምንለው ዓይነት፥ ይሰፉታል። ይህ ታይቶ ከታረመ በኋላ ዋናው ጨርቅ ይመረጣል።

ሥርዓቱ ለእኛም ይጠቅማል። በራያ ቆቦ ልጃገረዶች በነሐሴ አጋማሽ ለሚያከብሩት ሶለል፥ እንዲሁም ማሽላ ከገባ በኋላ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ ብዙ ልብስ ይሰፋል። ለምሳሌ ለአንድ ቀሚስ 4 ሜትር ይበቃል ተብሎ ለ30 ቀሚስ 120 ሜትር ታዘዘ እንበል። ቀሚሱ በሥዕሉ ሰፊ ሆኖ 6 ሜትር ቢጠይቅ 180 ሜትር ያስፈልጋልና 60 ሜትር ይጎድላል። ጉድለቱ በበዓሉ ዋዜማ ቢታወቅ ያንኑ ቀለም ማግኘት ያስቸግራል፤ ዘግይቶ የመጣ ጨርቅ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ባለሱቅ ከማዘዙ በፊት ከልብስ ሰፊው የሚቀበለው ሥዕል የሚከተሉትን የያዘ ይሁን፤

1ኛ/ የልብሱን ፊትና ጀርባ፤
2ኛ/ ርዝመቱንና የታችኛውን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር፤
3ኛ/ የጨርቁን ዓይነትና ወርድ፤
4ኛ/ ጥለቱ የሚውልበትን ስፍራ።

በመጨረሻም ሥዕል ንብረት መሆኑን ማወቅ ይገባል። የዲዮርን ልብስ አይተው ለመቅዳት የሚመጡ ነጋዴዎች ገና ሲገቡ ገንዘብ ያስይዙ ነበር። በእኛ አገር ግን የሸማኔን ጥለት አስመስሎ በፋብሪካ የታተመ የውጭ ጨርቅ በየሱቁ ይሸጣል፤ ሸማኔውም ገበያውን ያጣል። አባቶች ያቆዩትን ጥለት ማንም ሰው የግሌ ነው ሊል አይችልም። አዲስ ንድፍ ያወጣ ሰው ግን በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ሊያስመዘግበው ይችላል፤ ጥበቃው ለ5 ዓመት የሚጸና ሲሆን ሊታደስም ይችላል።

እንግዲህ ነጋዴው ጣቃ ከማዘዙ በፊት ሥዕሉን ይጠይቅ፤ ልብስ ሰፊውና ሸማኔውም አዲስ ሥዕላቸውን ለገበያ ከማውጣታቸው በፊት ያስመዝግቡ።