ጓያ በፎገራ፡ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና የማዕድ ቤቱ ዕውቀት

ስለ ጓያ ለመጻፍ የተነሳሁት ወረታ ተወልጄ ስላደግሁ ነው። እኛ ጋ ጓያ ከቤት አይጠፋም። «ይሄ የግብርና ተማሪዎች ጉዳይ አይደለም ወይ?» የምትሉ ካላችሁ የጋዜጠኝነት ጉዳይ የሚሆንበትን ምክንያት መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ።

ጓያ ምንድን ነው?

ጓያ ከአተርና ከምስር ወገን የሆነ ጥራጥሬ ነው። ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ መሬት ላይ እየተሳበ ወይም ያገኘውን ተደግፎ ያድጋል። የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት ዋልካ መሬት ሲሆን ዛሬ ብዙው ማሳ ሩዝ ይዘራበታል። ገበሬው ሩዙ ከመታጨዱ በፊት የጓያ ዘር በመካከሉ ይበትናል። ጓያውም ዝናብ ሳይጠብቅ መሬቱ በያዘው እርጥበት ይበቅላል። ሌላው እህል እምቢ ባለበት ዓመት እንኳ ጓያ አለ።

አጠቃቀሙ

ጓያ ለሽሮ፣ ለክክ ወጥ፣ ለቂጣ፣ ለንፍሮና ለቆሎ ይሆናል፤ እረኞች ደግሞ እሸቱን ይበሉታል። ገለባው በወተቷ ለምትታወቀው የፎገራ ላም መኖ ነው።

ጉዳቱ

ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ። አልፎ አልፎ ከሌላ ምግብ ጋር ለሚበላው ሰው ችግር የለውም። ሌላ እህል አጥቶ ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደረገው ሰው ግን እግሩ ሊያዝ ይችላል፤ «ጓያ ሰበረው» ይባላል። ሽባነቱ አይድንም። በይበልጥ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ማለትም አራሹን ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት በደምቢያና በፎገራ ከ1,000 ሰው በአማካይ 6 ያህሉ በዚህ በሽታ ተይዞ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ደግሞ ድርቅ ባጠቃው ደላንታ ዳውንት በሽታው በወረርሽኝ መልክ ተነስቷል።

የማዕድ ቤቱ ዕውቀት

ብዙ ሰው የሚሰብረው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው ይላል፤ ገለባው ላይ መተኛት ነው የሚልም አለ። በሽታው የሚመጣው ግን በመብላት ነው። አበሳሰሉም ለውጥ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአገራችን ጥናት እንዳሳየው አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ ናቸው። ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀልና ቅመም ባለው ወጥ ሲበላ ግን አደጋው ይቀንሳል። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም ይረዳል። አያቴ ጓያ ስትዘፈዝፍ ውሃውን ሁለት ጊዜ ትደፋዋለች። ምክንያቱን ስጠይቃት «እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አልነገረችኝም።

ታዲያ የእኛ ሥራ ምንድን ነው?

«ጓያ አትብሉ» የሚል መልእክት ምን ዋጋ አለው? ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አላቆመም። የራበው ሰው በቤቱ ያለውን ይበላል። መርዙ አነስተኛ የሆነ ዘር በምርምር ማውጣት ጥሩ ነው፤ ዘሩ እስኪዳረስ ግን ድርቅ አይጠብቅም። ስለዚህ እንደ እኔ ሐሳብ መልእክቱ «እንዲህ አድርጋችሁ ብሉት» ቢሆን ይሻላል፦ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን ድፉ፣ ጤፍም በቆሎም ካለ ቀላቅሉ፣ ንፍሮና ቆሎውን የየዕለት ምግብ አታድርጉት። ይሄ በሬዲዮ መነገር ያለበት እህሉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ቀላቅሎ ለመብላት የሚበቃ እህል በጎተራ እያለ ነው። ከእናቶች በተጨማሪ ማሳ ውስጥ ለሚውለው እረኛም መድረስ አለበት፤ እሸቱን የሚበላው እሱ ነውና።