እንክብል ከመወሰዱ በፊት የደም ግፊት ለምን ይለካል?



በጮሌም ሆነ በአሰላ ለእርግዝና መከላከያ እንክብል ስትመጡ ነርሷ አስቀድማ የደም ግፊት ትለካለች። «የመጣነው ለመከላከያ ነው፤ ግፊት ምን አመጣው?» የምትሉ አትጠፉም። ምክንያቱ እነሆ።

ከሁለቱ ኩላሊቶቻችን አናት ላይ አድሬናል የተባሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ለእነዚህ ዕጢዎች በደም አማካይነት መልእክት ከሚያደርሱት አንዱ አንጂዮቴንሲን ሁለት ነው። ይህ ፔፕታይድ፣ ማለትም 8 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሆርሞን ነው። በዕጢው ሕዋሳት ላይ የራሱ ተቀባይ አለው። ቁልፍ ከጓጉንቸሩ ጋር እንደሚገጥም ከተቀባዩ ጋር ሲገጥም፣ ዕጢው አልዶስቴሮን ያመነጫል። አልዶስቴሮንም ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲቆጥብ ያደርጋል። አንጂዮቴንሲን የደም ሥሮችንም ያጠባል። በልኩ ሲሆን ጤና ነው፤ ሲበዛ ግን የደም ግፊት ይጨምራል።

ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ጉበት የዚህን ሆርሞን መሥሪያ አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። አብዛኞቹ ሴቶች ችግር አይገጥማቸውም፤ የአንዳንዶቹ ግፊት ግን ከፍ ይላል። ከፍተኛ ግፊት ደግሞ ምልክት ሳያሳይ ልብንና አንጎልን ይጎዳል።

ስለዚህ ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ለሆነ ሴት ይህ እንክብል አይመከርም። በሉፕ ወይም በክንድ ቆዳ ሥር በሚቀበረው መከላከያ ልትጠቀም ትችላለች።

ይህን አንብባችሁ ግን እንክብሉን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሌላ መከላከያ ሳይያዝ ማቆም ላልታሰበ እርግዝና ይዳርጋል። በቀጠሮ ቀን መጥታችሁ ተለኩ። ባሎችም ቀጠሮውን አስታውሱ፤ ብትችሉ አብራችሁ ኑ።