ምዕራፍ ሰባት፦ የቸኮሌትና የብርቱካን ኬክ ለገና ገበታ

ወጥ የሚሠራ ሰው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ የማስተካከል ዕድል አለው። ጨው ካነሰው ይጨምርበታል፣ ከቀጠነ ያንተከትከዋል፣ መዓዛው ካልጣመው መከለሻ ጣል ያደርግበታል። ኬክ እንዲህ አይደለም። ኦቨን ውስጥ ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚጨመርበትም የሚቀነስለትም ነገር የለም። ዶሮ ወጥን በዓይን ልክ አሳምረው የሚሠሩ ባለሙያዎች ኬክ ላይ ሲደርሱ ግራ የሚጋቡት እጃቸው ሙያ አጥቶ አይደለም፤ ኬክ የሚጠይቀው ሌላ ዓይነት ሙያ ስለሆነ ነው።

የገና ዋዜማ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል። ጾመ ነቢያት አልተፈታም፤ እንቁላልና ወተት የገባበትን ሊጥ ጾመኛ ጣት ነክሮ አይቀምስም። ስለዚህ የገና ኬክ የሚጋገረው ሳይቀመስ ነው። ሳይቀመስ የሚሠራ ነገር ደግሞ ሊታመን የሚችለው በልክ ከተሠራ ብቻ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዓላማም ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ልክ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አውቃችሁ፣ ኬኩን ኦቨን ውስጥ ከትታችሁ በልበ ሙሉነት ወደ ሌላው የበዓል ሥራችሁ እንድትዞሩ ማድረግ።

ቸኮሌትና ብርቱካን ለምን ይስማማሉ?

ካካዎ መራራና ከባድ ጣዕም አለው። ብርቱካን ደግሞ ጎምዛዛ፣ ጣፋጭና ቀላል ነው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንግሊዞች ይህን ጥምረት ከገና ጋር ካቆራኙት ቆይተዋል፤ የዮርክ ከተማው ቴሪስ ኩባንያ የብርቱካን መዓዛ ያለውንና እንደ ብርቱካን የሚፈለቀቀውን ክብ ቸኮሌት ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1932 ነበር።

እኛ ደግሞ ለዚህ ኬክ የሚሆን ሦስተኛ ጣዕም በየቤታችን አለን፤ ቡና። ትኩስ ቡና የካካዎ ዱቄት ላይ ሲፈስበት በዱቄቱ ውስጥ የታፈነውን መዓዛ ያወጣዋል። ኬኩ ቡና ቡና አይልም፤ ቸኮሌቱ ግን ይጎላል። ብርቱካኑም ቢሆን ሩቅ አይደለም። በላይኛው አዋሽ ሸለቆ የሚገኙት መርቲና ኑራ ኤራ በብርቱካን እርሻቸው የታወቁ ናቸው።

ከፍታው ኬኩን ምን ያደርገዋል?

የውጭ አገር የኬክ አሠራር ቃል በቃል ተከትለው መሐሉ የሰመጠባቸው ብዙዎች ጥፋቱን በራሳቸው ያላክካሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ በኬክ ላይ ሁለት ለውጥ ያመጣል።

አንደኛ፣ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው አየር ከሚገባው በላይ ቶሎ ይነፋል። የእንቁላሉና የዱቄቱ አካል ሳይጸና ኬኩ ከፍ ይልና መሸከም አቅቶት ይሰምጣል። ሁለተኛ፣ እርጥበቱ በፍጥነት ይተናል። ኬኩ ይደርቃል፤ በውስጡ የሚቀረው ስኳርም ከልክ በላይ ይከማችና አካሉን ያላላዋል።

መፍትሔው አራት ነገር ነው፦ ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ስኳሩን በጥቂቱ መቀነስ፣ ፈሳሹን መጨመር፣ የኦቨኑን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ። ከዚህ በታች ያለው ልክ ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋ ከተሞች የተስተካከለ ነው። ድሬዳዋን በመሰለ ቆላ ከተማ ወይም ዱባይና ዋሽንግተንን በመሰለ ዝቅተኛ ቦታ የምትጋግሩ ቤኪንግ ፓውደሩን ሁለት የሻይ ማንኪያ አድርጉ፣ ቡናውን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሱ፣ ሙቀቱን ደግሞ ወደ 175 ዲግሪ አውርዱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ ልክ ወርዱ 24 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ክብ የኬክ ፎርማ ሲሆን 16 ሰው ያዳርሳል።

• 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት
• 250 ግራም ስኳር
• 50 ግራም ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት
• 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
• ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ
• ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው
• 3 የፈረንጅ ወይም 4 የሐበሻ እንቁላል
• 120 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት
• 200 ሚሊ ሊትር ትኩስ፣ ወፍራም፣ በደንብ የተጠለለ ቡና
• 3 ብርቱካን፤ የሁሉም ልጣጭ እና 120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ

ደረቁን ነገር ሁሉ በሚዛን መዝኑት። ተጠቅጥቆ የተሞላ አንድ ኩባያ ዱቄት እና በማንኪያ ቀስ ተብሎ የተሞላ አንድ ኩባያ ዱቄት ክብደታቸው በእጅጉ ይለያያል። ለኬክ ያ ልዩነት በልስላሴና በድርቀት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን መግዛት ውድ ፎርማ ከመግዛት ይቀድማል።

ስለ ዋና ዋናዎቹ ግብዓቶች

ብርቱካን። የብርቱካን መዓዛ ያለው ከጭማቂው ይልቅ በልጣጩ ላይ ነው። ልጣጩን በጣታችሁ እጥፍ ብታደርጉት ደቃቅ ጉም የመሰለ ነገር ይረጫል፤ ያ የብርቱካን ዘይት ነው። ዘይት በመሆኑ ከኬኩ ቅባት ጋር ይዋሃዳል፣ እሳቱንም ይቋቋማል። ጭማቂው ብቻውን ኬክን ያረጥባል እንጂ ብርቱካን ብርቱካን አያሰኘውም። አረንጓዴነት ያልለቀቀው ቆዳም አያሳስባችሁ፤ ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት አገር የበሰለ ብርቱካን ብዙ ጊዜ አረንጓዴ መልኩን እንደያዘ ይቆያል። ለመጠኑ ከበድ የሚለውን ምረጡ፣ በሞቀ ውኃ እያሻችሁ እጠቡት። ከመጭመቃችሁ በፊት ላዩን በመፈቅፈቂያው ደቃቅ ጥርስ ፈቅፍቁት። የሚፈለገው ባለቀለሙ ስስ ቆዳ ብቻ ነው። ነጩ ጋ ስትደርሱ ብርቱካኑን አዙሩ፤ ነጩ ይመራል።

ካካዎ። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፈዘዝ ያለ ቡናማና በተፈጥሮው ጎምዛዛ ነው። ሌላው ሆላንዳዊው ኩንራድ ቫን ሁተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባስተዋወቀው ዘዴ ጉምዛዜው የተወገደለትና መልኩ የጠቆረ ነው። ቤኪንግ ሶዳ የሚሠራው ጎምዛዛ ነገር ሲያገኝ ነው። እዚህ የብርቱካኑ ጭማቂ ጎምዛዛ ስለሆነ በሁለቱም ዓይነት መሥራት ይቻላል፤ ሶዳውን መጨመር ግን አይገባም። ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ዘይት። የታኅሣሥ ሌሊት ደጋ ላይ ይቀዘቅዛል። በገበታ ቅቤ የተሠራ ኬክ ቅቤው ስለሚረጋ በማግስቱ ይጠነክራል። ፈሳሽ ዘይት ስለማይረጋ ኬኩ ሁለትና ሦስት ቀን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። የተነጠረ የሐበሻ ቅቤ ለዚህ ኬክ አይሆንም፤ ቅመሙ ብርቱካኑን ይውጠዋል።

አሠራር

1. ኦቨኑን 185 ዲግሪ ላይ አሙቁት። ፎርማውን ዘይት ቀብታችሁ ታቹ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉ።

2. የተፈቀፈቀውን የብርቱካን ልጣጭ ስኳሩ ላይ አድርጋችሁ በጣታችሁ ጫፍ እሹት። ሁለት ደቂቃ ያህል ስታሹት ስኳሩ ረጠብ ይላል፣ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ መዓዛው ቤቱን ያውደዋል። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። የስኳሩ ቅንጣት ልጣጩን እየፈጨ ዘይቱን ስለሚያወጣው የኬኩ የብርቱካን ጣዕም የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

3. ካካዎውን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና ትኩሱን ቡና በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሳችሁ ጓል እስኪጠፋ አማስሉት። ለብ እስኪል ተዉት፤ ትኩሱን ካፈሰሳችሁት እንቁላሉን ያበስለዋል።

4. እንቁላሉን በብርቱካን መዓዛ ከታሸው ስኳር ጋር በሚክሰር ወይም በእጅ መምቻ ነጣ እስኪልና እስኪወፍር ምቱት። ዘይቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ከዚያ የብርቱካን ጭማቂውንና የካካዎውን ውህድ አስከትሉ።

5. ዱቄቱን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ሶዳውንና ጨውን አንድ ላይ በወንፊት ነፍታችሁ ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ጨምሩ። ነጭ ዱቄት መታየቱን ባቆመበት ቅጽበት ማማሰሉን አቁሙ። ለዳቦ ሊጥ የሚጠቅመው ብዙ ማሸት ኬክን ድርቅ ያደርገዋል።

6. ሳትቆዩ ፎርማው ላይ ገልብጡት። ሊጡ ከፎርማው ከግማሽ እምብዛም አይለፍ። ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ጋግሩት፤ የመጀመሪያውን 30 ደቂቃ በሩን አትክፈቱ። አናቱ ቶሎ የሚጠቁርበት ትንሽ ኦቨን ከሆነ ከ30 ደቂቃ በኋላ በፎይል ሸፍኑት።

የቸኮሌት ኬክ ገና ከጅምሩ ጥቁር ስለሆነ መብሰሉን በመልኩ ማወቅ አይቻልም። ሦስት ምልክት ፈልጉ፦ ዳሩ ከፎርማው መላቀቅ ሲጀምር፣ መሐሉን በጣት ጫን ስትሉት መልሶ ሲነሳ፣ ስቴኪኒ ስትሰኩበት ሊጥ ሳይዝ ሲወጣ።

ዳቦው ኮባ ተነጥፎለት ምጣድ ላይ ባለበት፣ የሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ኦቨን በአንድ ጊዜ በሚሠራበት ሰዓት መብራት ሊጠፋ ይችላል። ኬኩ ኦቨን ውስጥ እያለ ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። ኬኩ ከግማሽ በላይ ከበሰለ በታመቀው ሙቀት መጽናቱን ይቀጥላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ታኅሣሥ 27 ወይም 28 ጠዋት፣ የሰፈሩ ምጣድ ሳይጣድ መጋገር ነው።

ሽሮፑና ልባሱ

ከተረፈው ጭማቂ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ያህል ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር አንድ ጊዜ አፍሉና ኬኩ እንደሞቀ በማንኪያ ላዩ ላይ አርከፍክፉት። ሲበርድ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በቤት ሙቀት አሳድሩት። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ ኬክም ዳቦም ፍሪጅ ውስጥ ቶሎ ይደርቃሉ። ሲያድር ብርቱካኑ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ የበዓሉ ቀን ኬኩ ከተጋገረበት ቀን ይልቅ ይጣፍጣል።

በበዓሉ ጠዋት ኬኩን ለሁለት ሰንጥቃችሁ መሐሉን የብርቱካን ማርማላታ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ለልባሱ 150 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ከትፋችሁ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ክሬም አፍስሱበት። ሁለት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ከመሐል ወደ ዳር አማስሉት። ቸኮሌቱን ለብቻው የምታቀልጡ ከሆነ የውኃ ጠብታ እንዳይነካው ተጠንቀቁ። ጥቂት ውኃ በውስጡ ያሉትን የስኳርና የካካዎ ቅንጣቶች አጣብቆ ጓል ያደርጋቸዋል። ከክሬሙ ጋር የማይጓጉለው ፈሳሹ ብዙ ስለሆነ ነው።

ችግር ቢያጋጥምስ?

• መሐሉ ከሰመጠ፦ ቤኪንግ ፓውደሩ በዝቷል፣ በሩ ቀድሞ ተከፍቷል ወይም ኬኩ አልበሰለም።
• አናቱ ከተሰነጠቀና ካበጠ፦ የኦቨኑ ሙቀት በዝቷል።
• ከደረቀ፦ ብዙ ቆይቷል ወይም ዱቄቱ ከልክ አልፏል።
• ካልነፋ፦ ቤኪንግ ፓውደሩ አርጅቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ላይ አድርጉ፤ ወዲያው ካልፈላ ጣሉት።
• ከመረረ፦ የልጣጩ ነጭ ክፍል ገብቷል።

የጾም ኬክ ከተፈለገ

ከበዓሉ በፊት እንግዳ የሚመጣባችሁ ከሆነ ይኸው ኬክ በጾም ይሠራል። እንቁላሉን፣ ቤኪንግ ፓውደሩንና የክሬሙን ልባስ ተዉት፣ ሶዳውን አንድ የሻይ ማንኪያ አድርጉት፣ 50 ሚሊ ሊትር ውኃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ። ኮምጣጤውና ጭማቂው ከሶዳው ጋር ሲገናኙ ሊጡን የሚያነሳው አየር ይፈጠራል። አየሩ እንዳይባክን ሊጡ እንደተዋሃደ ሳትዘገዩ ኦቨን ውስጥ ክተቱት።

ገበታው ላይ

ኬኩ የድፎ ዳቦን ቦታ ሊወስድ አይገባም። ዳቦው ተባርኮ በአባት ወይም በታላቅ ሰው እጅ ይቆረስ፣ ምግቡ ይበላ፣ ኬኩ ከቡናው ጋር ይምጣ። በሞቀ ውኃ ተነክሮ በተወለወለ ቢላ ቁረጡት፤ ልባሱ ሳይሰነጠቅ ይቆረጣል። ቁራሹን አሳንሱት፤ ከዶሮ ወጥ በኋላ ትንሽ ቁራሽ ይበቃል፣ ለሁሉም ይዳረሳል፣ በማግስቱ ለሚመጣ ዘመድም ይተርፋል።

ከኬክ ቤት የሚገዛ ኬክ ጥሩ ሊሆን ይችላል። በቤት የተጋገረው ግን ለቤተሰቡ የተለካ ነው። ጣፋጭ የማይወዱ አያት ካሉ ስኳሩ ይቀነሳል፤ ብርቱካን የሚወድ ልጅ ካለ ልጣጩ ይጨመራል። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ የመጀመሪያውን ልክ ያወቀ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አንድ ጊዜ ጋግሩ፤ ለማይጾሙ ልጆችና ጎረቤቶች አቅምሱ። የዱቄቱን ብራንድ፣ የኦቨናችሁን ሙቀት፣ ኬኩ የወሰደውን ደቂቃና የቀማሾቹን አስተያየት ደብተር ላይ ጻፉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትለውጡ፤ ለፋሲካ ስትጋግሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና ውጤቱን ከሥሩ አስፍሩ። በዚህ መንገድ የጻፋችሁት ልክ ለልጆቻችሁ የሚተላለፍ የቤታችሁ ሙያ ይሆናል።