ዋጃ ላለሽው ለእህቴ ልጅ፦ ድረ ገጽ ከመክፈትሽ በፊት

ልጄ፣ የቤተሰቡን ጤፍና ማሽላ በድረ ገጽ ልትሸጪ ማሰብሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ዋጃ በቆቦና በአላማጣ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። መኪናው በደጃችሁ እያለፈ የራያ ሜዳ እህል ገዢው ዘንድ የሚደርሰው ግን በስንት ደላላ እጅ ዞሮ ነው። ገዢው በስምሽ ቢያውቅሽ ብዙ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ገዢሽን ለዪ። ዋጃ ያለው ሰው ድረ ገጽ አያስፈልገውም፤ ገበያ ላይ ያገኝሻል። ድረ ገጹ ለሩቁ ነው፦ አዲስ አበባ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ ሴት፣ ደሴና ወልድያ ላለ እህል ነጋዴ፣ ውጭ አገር ሆኖ ቆቦ ላለች እናቱ አንድ ኩንታል ጤፍ እቤቷ ድረስ እንዲገባላት ለሚፈልግ ልጅ። የሦስቱ ጥያቄ አንድ አይደለም። ጋጋሪዋ ጤፉ የዘንድሮ መሆኑንና መበጠሩን ትጠይቃለች። ነጋዴው የኩንታሉን ዋጋና የጭነቱን ሒሳብ ማን እንደሚችል ማወቅ ይፈልጋል። ልጁ ደግሞ እህሉ እናቱ እጅ መግባቱን በምን እንደሚያረጋግጥ ያስባል። ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፊ፣ መልሱን ከሥራቸው አስፍሪ። ድረ ገጽሽ እሱ ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው።

2. የድረ ገጹን ስም በራስሽ ስም አስመዝግቢ። ከሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው። ዶሜይን የሚሉት አድራሻ፣ ዶት ኮምም ይሁን ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ዶት ኢቲ፣ በየዓመቱ ወይም በተወሰነ ዓመት ይታደሳል። ብዙ ነጋዴ ይህን ሁሉ ለድረ ገጽ ሠሪው ይተወዋል። ሠሪው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዘግበዋል፤ ከዚያ ስልክ ይቀይራል ወይም አገር ይለቃል። የይዞታ ደብተሩ በሌላ ሰው ስም የወጣ መሬት ማረስ ማለት ነው። የማደሻ ማስታወሻ የሚመጣው በተመዘገበው ኢሜይል ስለሆነ አንቺ አታዪውም። ጊዜው አልፎ ሳይታደስ ከቆየ ደግሞ ስሙን ማንም ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ ኢሜይሉ ያንቺ ይሁን፣ የይለፍ ቃሉ አንቺ ጋ ይቀመጥ። የማደሻው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ወደ እኛ ቀይረሽ ከንግድ ፈቃድ ማደሻሽ ጎን መዝግቢው።

ስሙ አጭር ይሁን፤ በስልክ ስትናገሪው የሚሰማሽ ሰው ሳይሳሳት ይጻፈው።

3. ሆስቲንግ ማለት ገጹ የሚቀመጥበትን ኮምፒዩተር መከራየት ነው። ላንቺ ሥራ ትንሹና ርካሹ ይበቃል። ክፍያው በዶላር ከሆነ ግን አስቢበት፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዶላር በብር ሲመነዘር በጣም ከብዷል። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አስተናጋጆች አሉ። የምትጠይቂያቸው ሁለት ነገር ነው፦ የገጹን ቅጂ በየጊዜው ታስቀምጣላችሁ ወይ? ስደውልስ ስልክ የሚያነሳ ሰው አለ ወይ?

አካባቢያችን ያየውን አትርሺ። በ2013 እና 2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ቆቦና ዙሪያዋ ያለ ስልክና ያለ መብራት ከርመዋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። ገጹ ሌላ ቦታ ስለሚቀመጥ እናንተ ጋ መስመር ቢጠፋም አዲስ አበባ ያለው ገዢ ያየዋል፤ አንቺ ግን ትእዛዙን አታዪም። ስለዚህ ስልክ ቁጥርሽን ከላይ በጉልህ ጻፊ፣ ከአካባቢው ውጭ የሚኖር የታመነ ዘመድ ቁጥርም ጨምሪበት። ትእዛዝ በድምፅ ስልክ ብቻ ሊመጣ እንደሚችል አስበሽ ሥሪው።

4. ጽሑፉ እውነተኛ ጽሑፍ ይሁን። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሆኖም ዛሬም በድሮዎቹ ፎንቶች የሚተይቡ፣ ወይም ዋጋውን ፎቶ ላይ ጽፈው የሚለጥፉ አሉ። እንዲህ ያለውን ጎግል አያገኘውም። አንዱ «ሰርገኛ»፣ ሌላው «ሠርገኛ» ብሎ ስለሚፈልግ ሁለቱም አጻጻፍ ገጹ ውስጥ ይኑር፤ የቆቦንና የዋጃን ስም በላቲን ፊደልም ጨምሪ። ማሽላውንም ደጋሊት ከሆነ ደጋሊት በይው፤ የሚያውቀው ሰው በስሙ ነው የሚፈልገው።

ፎቶውን ራስሽ አንሺ። ነጩን ጤፍ ጥቁር ጨርቅ ላይ በስሱ በትኚው፣ ጠዋት ጥላ ሥር ሆነሽ ቀረብ ብለሽ አንሺው፤ መልኩም ንጽሕናውም ይታያል። ከስልክ የወጣ ፎቶ ከባድ ስለሆነ ከ200 ኪሎ ባይት በታች አድርጊው፤ ገዢው ለዳታ የሚከፍለው በገንዘቡ ነው። ማኛ ያልሆነውን ደግሞ ማኛ አትበዪ። ጋጋሪዋ አብኩታ ስትጋግረው ታውቂያለሽ ምን እንደምትል፤ ሁለተኛም አትደውልልሽም።

5. ዋጋ ጻፊ። «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚለውን ነገር አልወደውም። ኩንታሉ ስንት ነው? ጭነቱ ስንት ነው? ዋጋው የሚጸናው እስከ መቼ ነው? ዋጋ ሲለወጥ የዚያኑ ዕለት አስተካክዪ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት በስልክ ወይም በገጽ የተለዋወጣችሁት መልእክት ሕጋዊ ዋጋ አለው፤ የጻፍሽው ያስጠይቅሻል።

ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ እሱና የባንክ ሒሳብሽ ለጊዜው ይበቁሻል። የላኩልሽ ስክሪንሾት ግን ክፍያ አይደለም። ብሩ ሒሳብሽ ውስጥ መግባቱን በዓይንሽ ሳታዪ አንድ ጆንያ እንዳታስጭኚ።

6. ማስተዋወቁን ከጆንያው ጀምሪ። ስምሽን፣ ስልክሽንና የገጹን አድራሻ ጆንያው ላይ አሳትሚ፤ በየሄደበት ይናገርልሻል። ቀጥሎ ጎግል ካርታ ላይ ቦታሽን አስመዝግቢ፤ አያስከፍልም። ቴሌግራምም ቲክቶክም ጥሩ ናቸው፣ ሰው ያለው እዚያ ነው፤ ግን ሒሳብሽ አንድ ቀን ቢዘጋ ደንበኛሽ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እዚያ የምትለጥፊው ሁሉ ወደ ገጽሽ ይምራ። የደንበኞችሽን ቁጥር በደብተር ያዢ፣ ለሌላ ሰው አትስጪ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይከለክላል፣ ባይከለክልም ነውር ነው።

ላይክ ያደረገ ሁሉ ገዢ አይደለም። ለማስታወቂያ ገንዘብ ከማፍሰስሽ በፊት፣ ለእናቱ ጤፍ ያዘዘው ልጅ እህሉ ሲደርስ የእናቱን ድምፅ በስልክ እንዲሰማ አድርጊ። ለሌሎች የሚነግርልሽ እሱ ነው።

7. የመጀመሪያው ወር ጭር ቢል አብሽሪ። ገጹን ለሕዝብ ከመክፈትሽ በፊት ለአባትሽ በራሱ ስልክ አሳዪው። ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን አንቺን ሳይጠይቅ ካላገኘ አላለቀም፤ መልሰሽ ሥሪው። ሲያልቅ አድራሻውን ላኪልኝ፤ የመጀመሪያውን ኩንታል የማዝዘው እኔ ነኝ፣ በሙሉ ዋጋው።