ጣሪያ የሌለው ቤተ ሙከራ፦ የጀማሪ ማኅበራዊ ተመራማሪዎች የክረምት ሥልጠና

ሐምሌና ነሐሴ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የፀሐይ ወራት ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻቸው መደበኛውን ትምህርት ዘግተው ለወጣት ተመራማሪዎች አጫጭር ኮርሶችን የሚሰጡት በዚህ ጊዜ ነው። በእኛ አገር ያው የዕረፍት ጊዜ ክረምት በመሆኑ ሠልጣኙ ጃንጥላውን ይዞ ይመጣል። ነገሩ ተራ የአየር ጠባይ ወሬ ይመስላል። ለማኅበራዊ ሳይንስ ግን ትርጉሙ ከዚህ ያልፋል፤ የዚህ ሳይንስ ቤተ ሙከራ ጣሪያ የለውምና።

ልማዱ የቆየ ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የናሙና ጥናት ዘዴን በክረምት ወራት ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ሲሆን፣ በዚያው ከተማ በ1963 የተጀመረው ሌላው ፕሮግራም ደግሞ የአኃዝ ትንተናን ለብዙ አገር ሰዎች አስተምሯል። በአፍሪካ በኩል መቀመጫውን ዳካር ያደረገው ኮዴስሪያ በ1973፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት (ኦስሬአ) በ1980፣ ማለትም በ1972 ዓ.ም. ተቋቋሙ። ሁለቱም ለወጣት ምሁራን የምርምር ድጋፍና የጥናት ዘዴ ሥልጠና ሲሰጡ ኖረዋል።

በእንዲህ ዓይነት ሥልጠና ምን ይማሩበታል? የጥናት ጥያቄ አቀራረጽ፣ የናሙና አመራረጥ፣ የመጠይቅ ዝግጅት፣ ቃለ መጠይቅ፣ በመጨረሻም በኮምፒውተር የሚደረግ ትንተና ይሰጣል። በእኛ ግምት ጊዜው የሚበላው በመጨረሻው ነው። ሠልጣኙ ሌላ ሰው በሰበሰበው መረጃ ላይ ሶፍትዌር መንዳት ተምሮ ይመለሳል። በአንጻሩ በየጥናቱ በቀን አበል እየተቀጠሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት ወጣቶች መረጃው የት እንደደረሰ አያውቁም። የኬሚስትሪ ተማሪ ሚዛኑ ዜሮ ላይ መቆሙን ሳያረጋግጥ አይመዝንም። መዛኙና አስሊው ሲለያዩ ግን ሚዛኑን የሚፈትሽ አይኖርም።

እንግሊዛዊው ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ገጠር ድህነት የሚያጠኑ እንግዶች የሚሳሳቱባቸውን መንገዶች ዘርዝሯል። ተመራማሪው ከአስፋልት አይርቅም፤ የሚጓዘውም በበጋ ነው። ድሃው ደግሞ ከመንገድ ርቆ ይኖራል፣ የሚቸገረውም በዝናብ ወራት ነው። ቻምበርስ ስለ ገጠር ቢጽፍም አሳቡ ለከተማ ዳርም ይሠራል። ስለዚህ የልምምድ ቦታ እንምረጥና በዚያ ላይ እናስብ፤ ቦታው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ሀና ማርያም ይሁን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የግቢና የቤተሰብ ቁጥሮች ለስሌት ልምምድ የታሰቡ ናቸው።

ሀና ማርያም በደቡባዊው የከተማ ጫፍ፣ ከኃይሌ ጋርመንት ወዲያ፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። ከተማይቱ በፍጥነት ወደ ውጭ ከሰፋችባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የናሙና ትምህርት የመጀመሪያው ጥያቄ እዚሁ ይነሣል፤ የነዋሪዎቹ ዝርዝር ከየት ይገኛል? ናሙና የሚመዘዝበት ዝርዝር የናሙና ማዕቀፍ ይባላል። የአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ተብሎ ተቆጠረ። አራተኛው ቆጠራ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. የተራዘመው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ነበር። ከ1999 ወዲህ የተሠራ ሰፈር በዚያ ማዕቀፍ ላይ እንደ ባዶ ሜዳ ወይም እንደ ጥቂት ጎጆዎች ይታያል ማለት ነው።

የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን ችግር የተወጣበትን መንገድ እንመልከት። የ1999ኙ ቆጠራ አገሪቱን በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ከፍሏት ነበር፤ በአንዱ ውስጥ በአማካይ 181 ቤተሰቦች ነበሩ። አጥኚዎቹ ከእነዚህ 645 ቦታዎችን መረጡ። ሆኖም በአሮጌው ዝርዝር አልረኩም። በየቦታው ሄደው ቤተሰቦችን እንደ አዲስ መዘገቡ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ ቦታ 28 ቤተሰብ መረጡ። ሠልጣኙ ይህን አዲስ ምዝገባ በገዛ እግሩ ቢሠራው በክፍል ውስጥ ከሚሰማው ሁሉ የበለጠ ይማራል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 196 ቤተሰቦች ተመዝግበው 28 ቢፈለጉ፣ 196 ለ28 ሲካፈል 7 ይሆናል። ከ1 እስከ 7 ዕጣ ይወጣል። 4 ከወጣ 4ኛው፣ 11ኛው፣ 18ኛው እየተባለ እስከ 193ኛው ይኬዳል። ከባዱ ነገር 196 የሚለውን ቁጥር ማግኘቱ ነው።

ምክንያቱም የአንድ ግቢ በር አንድ ቤተሰብ አይደለም። 40 ግቢዎች እንዳሉ፣ በእያንዳንዱም ከፊት የባለቤቱ ቤት፣ ከጀርባ ሦስት ሰርቪስ ቤቶች ተከራይተው እንዳሉ እናስብ። ቤተሰቦቹ 160 ናቸው፤ ከነዚህም 120ው፣ ማለትም 75 በመቶው ተከራይ ነው። በር አንኳኩቶ የከፈተለትን ባለቤት ብቻ የሚጠይቅ ሠልጣኝ ግን 40 ባለቤቶችን መዝግቦ ይመለሳል። በእርሱ ሠንጠረዥ ተከራይ የለም፣ የቤት ኪራይም ችግር አይደለም! ሶፍትዌሩ ይህን ስሕተት አያየውም፤ እንዲያውም እስከ ሁለት አሥርዮሽ ድረስ አሳምሮ ያትመዋል።

ጠንቃቃው ሠልጣኝ ደግሞ ከየግቢው አንድ ቤተሰብ በዕጣ ይመርጥ ይሆናል። ይህም ብቻውን አይበቃም። ብቻውን የሚኖረው ባለቤት የመመረጥ ዕድሉ 1 ሲሆን፣ 10 ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ያለው ተከራይ ዕድሉ 1/10 ነው። ስለዚህ የተከራዩ መልስ በትንተናው 10 እጥፍ መመዘን አለበት። ይህን ክብደት ለማስላት በየግቢው ያሉትን ቤተሰቦች ብዛት በዚያው ቀን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ቢሮ ከገቡ በኋላ ከየትም አይገኝም።

ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። «ሥራ አለዎት?» ተብላ የተጠየቀች፣ ጠዋት ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ የዋለች እናት «ኧረ የለኝም» ልትል ትችላለች፤ በእኛ አነጋገር ሥራ ማለት ብዙ ጊዜ ቅጥር ነውና። በዓለም የሥራ ድርጅት በኩል በ1982 በወጣው መስፈርት ግን በአጭር የማጣቀሻ ጊዜ፣ ለምሳሌ በሳምንት ውስጥ፣ አንድ ሰዓት እንኳ ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ ያለው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ገቢ የሚያስገኝ ማንኛውንም ነገር፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ሠርተዋል?» ወደሚል ይለወጣል። የመጠይቅ ቅድመ ሙከራ የሚደረገው ለዚህ ነው።

ሌላው ጉዳይ በዚህ ሰፈር ከዘዴም በላይ ነው። በሰኔ 2008 ዓ.ም. በሀና ማርያም አካባቢ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ወረቀት ይዞ በር በር እየቆጠረ የሚያልፍ እንግዳ ለነዋሪው ማን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ሠልጣኙ ከማንኛውም ጥያቄ በፊት ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ ስም ለምን እንደማይጽፍ ሊናገር ይገባል፤ «አልፈልግም» የተባለውንም አመስግኖ ማለፍ አለበት። ከዚህ በተቃራኒ የቀበሌ ሰው ከፊት አስቀድሞ መግባት በር ያስከፍታል፣ አፍ ግን ያዘጋል። እኛ ይህን አቋራጭ አንመክርም። እምቢ ያሉትን ቆጥሮ መመዝገብ ግን ግዴታ ነው፤ እምቢ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀበና ወይም በአንድ መንደር ከተሰበሰቡ ያ ራሱ ውጤት ነው።

ስለ ዝናቡ ያነሣነውን እንጨርሰው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው የገጠር ቤተሰቦች ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ15 መንደሮች የሚኖሩ ወደ 1,500 የሚጠጉ ያው ቤተሰቦች በ18 ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠይቀው ነበር። ስቴፋን ደርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን ከዚህ በመነሣት በ2000 እንዳሳዩት፣ የድህነት መጠን ከዓመት ዓመት ተቀራራቢ ሲሆን ከወቅት ወቅት ግን የቤተሰቡ ፍጆታ በእጅጉ ይዋዥቃል። አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀ አጥኚ ይህን ሊያይ አይችልም።

የሀና ማርያም ነዋሪ ገበሬ ባይሆንም ወቅቱ ይነካዋል፤ የግንባታ የቀን ሥራ በዝናብ ይቀንሳል፣ መስከረም ሲቃረብ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ወጪ ይመጣል። ስለዚህ የክረምቱን ልምምድ የጨረሰ ሠልጣኝ በጥር ወር ወደነዚያው በሮች እንዲመለስ ቢደረግ እንወዳለን። ሁለት ቀን ይበቃዋል። ከሰርቪስ ቤቶቹ መካከል ስንቱ አዲስ ተከራይ እንደገባበት፣ የቀድሞውስ ወዴት እንደሄደ ይጠይቅ፤ የነሐሴውን መዝገብም ከጥሩ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጥ።