የጎረቤት ልጆችን በቤት መጠበቅ

በአጨዳ ወቅት በገጠር ቤት ሰው አይገኝም። አባትም እናትም ማሳ ናቸው። አያት ካለች ሕፃኑን ይዛ ትቀራለች። ከሌለች ደግሞ የ7 ዓመቷ እኅት ታናሽ ወንድሟን አዝላ ትውላለች። እሷ ራሷ እኮ ልጅ ናት። ከትምህርት ቤት የምትቀረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ምድጃው ክፍት ነው፤ ጉድጓዱ ክዳን የለውም። በእሳት የተቃጠለ ሕፃን የማይታወቅበት መንደር የትኛው ነው?

ስለዚህ አንዲት ሴት ቤቷ ሆና የጎረቤት ልጆችን በክፍያ ብትጠብቅ ገቢ ታገኛለች። ሌሎቹ እናቶችም ልባቸው ሳይሰቀል ያጭዳሉ። «ቤት ተቀምጦ ብር መቀበል ምን ሥራ ነው?» የሚሉ አይጠፉም። እንዲህ የሚል ሰው አራት ሕፃናትን አንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ ጠብቆ ይሞክረው።

ለአንድ ጠባቂ ስንት ልጅ ይበቃል? ቤቱ ቢቃጠል ሁሉንም ይዛ መውጣት የምትችለውን ያህል ነው። ያልተራመዱ ከሁለት አይብለጡ። ከሚራመዱት ጋር ሁሉም አራት ቢሆኑ ይበቃል። 6 ወር ያልሞላው ሕፃን ምግቡ የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውሃም አያስፈልገውም። ስለዚህ እናቱ መጥታ ልታጠባው የማትችል ከሆነ አትቀበሉት።

ልጆች ከመምጣታቸው በፊት ቤቱ ይዘጋጅ። ምድጃው ይከለል፤ ጉድጓዱ ይከደን። በሳፋ የቀረ ጥቂት ውሃም ሕፃን ያሰጥማልና ይደፋ። በተለይ የተባይ መድኃኒት በለስላሳ ጠርሙስ የማስቀመጥ ልማድ ክፉ ነው። ልጅ የሚጠጣ ነገር ይመስለዋል። መድኃኒቱ በራሱ ዕቃ ሆኖ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ቆሎና ኦቾሎኒም ለትንንሽ ልጆች አይሰጥ፤ ጉሮሯቸውን ይዘጋል።

ልጅ ቢቃጠል ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ተቅማጥ ከያዘው አንድ ከረጢት ለምለም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። የተበጠበጠው ከአንድ ቀን ካለፈ ይደፋ። ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ግን እናቱ እስክትመጣ አትጠብቁ፤ ይዛችሁ ሂዱ።

እዚህ ላይ ፊደል መቁጠራችሁ ይጠቅማል። አንድ ደብተር ግዙ። የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ የእናቱን ስም፣ ማሳዋ በየት በኩል እንደሆነ፣ ማታ ማን እንደሚወስደው ጻፉ። ክትባቱንም ጠይቁ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ያልተከተበ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯት።

ሒሳቡም ይጻፍ። ዋጋው እንደየአካባቢው ነው፤ ለምሳሌ በቀን ለአንድ ልጅ 30 ብር ነው እንበል። አራት ልጆች 120 ብር ይሆናሉ። ለምሳ 50፣ ለሳሙናና ለማገዶ 20 ብር ከወጣ፣ 50 ብር ይተርፋል። ምሳውን ከራሷ ጓዳ እያወጣች ሳትጽፍ የምትቀር ግን ትርፏ ከእውነተኛው የበዛ ይመስላታል።

ብር የሌላት እናት በእህል ወይም በወንፈል ትክፈል። ነገር ግን ለአንድ ቀን ጥበቃ አንድ ቀን አጨዳ መጠየቅ ይበዛል። አራት እናቶች ናቸውና ጠባቂዋ በአንድ ቀን የአራት ቀን ጉልበት ትወስዳለች ማለት ነው። ለአራት ቀን ጥበቃ የአንድ ቀን አጨዳ ቢሆን ሁሉንም ያስማማል። ስምምነቱ አጨዳው ሳይጀመር ይደረግ፤ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ጭቅጭቅ ይመጣል።

ማታ ልጆቹ ሲወሰዱ ደብተሩን አውጥታችሁ በየስማቸው ላይ ምልክት አድርጉ። ስሙ በደብተሩ ለሌለ ሰው፣ አጎቱ ነኝ ቢልም፣ ልጅ አይሰጥም። እናቱ እስክትመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ።